ጋሼ ሀብተሥላሴ ቀጭኔ ያላየበት ቅዳሜ

ወንድሜን በፍልሰታ ና ብዬው ነበር። ብዬው ብቻ አይደለም፣ ለምኜዋለሁ። በስልክ «ጾሙን አብረን እንጹም፣ እዚህም ቤተ ክርስቲያን አለን» ስለው ደስ ብሎት «እቱ፣ ተመስገን፣ አገሩ አልለወጠሽም» አለኝ። እኔ ግን ስለ ነፍሴ አስቤ አልነበረም። በጾም ከመጣ ሥጋ የሚባል ነገር በመካከላችን አይነሳም፣ ካልተነሳ ደግሞ በሰላም መጥቶ በሰላም ይመለሳል ብዬ ነው።

ጾሙ በተፈታ በሳምንቱ መጣ። የመምህራን ሥልጠና አለ ተብሎ እንዳስቀሩት ድንበሩ በር ላይ እቅፍ አድርጎኝ ነገረኝ። «ይልቅስ ጥሩ ሆነ» አለ፣ ሻንጣውን በአንድ እጁ እኔን በሌላው ይዞ። «አሁን ሥጋችንን እየበላን እንጫወታለን!» የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? እኔ ላይ የደረሰው በአገር አቋራጭ አውቶቡስ ነው።

እታለማሁ እባላለሁ። ሞያሌ፣ በኬንያ በኩል፣ ስድስት ጠረጴዛ ያላት ምግብ ቤት አለችኝ። ከሰላሌ የመጣሁት በሃያ ዓመቴ ነው፣ ሹፌር ባሌን ተከትዬ። ባሌ ወደ ደቡብ አፍሪካ ከሄደና ስልኩ ከጠፋ ሰባት ዓመት ሆኖታል፤ ስለ እሱ ከዚህ በላይ አላወራም። ልጄ ሰሎሜ ማርሳቢት አዳሪ ትምህርት ቤት ናት። ማተቤ አንገቴ ላይ ነው፣ እሑድ አስቀድሳለሁ፣ ረቡዕና ዓርብ እጾማለሁ። ቢስሚላህ ተብሎ የታረደ ሥጋ መብላት ከጀመርኩ ግን አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው። ምስጢሬ ይኸው ነው። ለናይሮቢ ሰው ብትነግሩት ይስቅባችኋል። እኛ ባደግንበት ቀበሌ ግን ሥጋውን የበላ ሃይማኖቱን ለወጠ ነው የሚባለው፣ ማተብ ኖረው አልኖረው።

ለምን እንደምፈራ እንዲገባችሁ የአክስታችንን ነገር ልንገራችሁ። አክስታችን ሙስሊም ነጋዴ አግብታ ወሎ ትኖር ነበር። ስምንት ዓመቴ ሳለ ለአያቴ ተዝካር መጣች። ምግቧን በተለየ ሳህን፣ ውሃዋን በተለየ ብርጭቆ አድርገው ምሰሶው ሥር ለብቻዋ አስቀመጧት። ምንም ሳትናገር በልታ ጠጥታ ተነሳች። ገና ከአጥሩ በር ሳትወጣ ወንድሜ ጋሼ ሀብተሥላሴ፣ ያኔ የአሥራ ስድስት ዓመት ጎረምሳ፣ የጠጣችበትን ብርጭቆ ይዞ ወጣና ከደጃችን ድንጋይ ላይ ሰበረው። አክስታችን ዞር ብላ አላየችም። ሁለተኛም አልመጣችም።

ያ ድምፅ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ወንድሜ ክፉ ሰው ሆኖ እንዳይመስላችሁ። አባታችን ከሞተ በኋላ ያሳደገኝ እሱ ነው። ጫማው ተቀዶ ደብተር የገዛልኝ እሱ ነው። ዛሬ ከእናትና ከአባቴ ቤት የቀረኝ እሱ ብቻ ነው፣ እሱ ከአንድ ትሪ አልበላም ካለኝ ከማን ጋር ነው የምበላው? ፍርሃቴ ይህ ነበር።

በመጣበት ቀን፣ ኀሙስ፣ ተረፍኩ። ሕያው ዶሮ ገዝቼ ጠበቅሁት፣ ራሱ በስመ አብ ብሎ አረዳት፣ በልተን አመሰገንን። ቢስሚላህ የተባለበት ሥጋ ያልነካው ድስትም ቀድሜ ለይቼ ነበር። ወጥ ሠሪዬን ሀሊሞን «እሱ ፊት ፒላው የሚባል ቃል ከአፍሽ እንዳይወጣ» ብያታለሁ፤ በሥጋ የሚሠራ ሩዝ ነው። ልጄ አለመኖሯን አንድ ሥጋት ተቀነሰልኝ ብዬ ቆጠርኩት። እናት እንዲህ ታስባለች? ፈሪ እናት ታስባለች።

ዓርብ ከተማውን ልናይ ወጣን። ጋሼ የኅብረተሰብ ትምህርት አስተማሪ ነው። ኬንያን ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ሲስላት ኖሮ ረግጧት አያውቅም። ፓስፖርት የለውም፣ የያዘው የድንበር ማለፊያ ወረቀት ነው፣ በእሱ ደግሞ ናይሮቢ አይኬድም። ቢኬድስ በምን ገንዘባችን? ስለዚህ ኬንያን በእግር አሳየሁት። መኪናው ሁሉ በግራ ሲሄድ መንገድ ዳር ቆሞ እንደ ሕፃን ይስቃል፣ ሊሻገር ሲል በተሳሳተው በኩል ያይና እጁን ይዤ እጎትተዋለሁ። ሁለት ጊዜ ማታቱ የሚሉት ታክሲ ላይ አሳፈርኩት፣ አንድ ጊዜ ለመሄድ፣ አንድ ጊዜ ለመመለስ፤ የምንደርስበት ጉዳይ አልነበረንም። የናይሮቢን ርቀት ከሚናገረው ሰሌዳ ሥር ፎቶ አነሳሁት። ሄሉ የሚባለው መንደር ድረስ ወርደን የከብቱን ገበያ አየን። ከሰዓት አንድ ሳህን ድንች ጥብስና አንድ ሶዳ ለሁለት አዘዝን፣ ከጠርሙሱ ጠጣና ቀሪውን ወደ እኔ ገፋው። ተቀብዬ ጠጣሁ። ቢያውቅ ኖሮ ይህን ጠርሙስ ምን ያደርገው ነበር?

ስንመለስ በምገዛበት የሙስሊም ሥጋ ቤት በር አለፍን። ባለ ሥጋ ቤቱ ከነቢላዋው ብቅ ብሎ «ማማ ሰሎሜ፣ ማይኒ ኢኮ!» ብሎ ጮኸ። ጉበት አለ ማለቱ ነው። ለቅዳሜ ጉበቱን ሁልጊዜ የምወስደው እኔ ነኝ።

«ምን አለሽ?» አለኝ ጋሼ።

«ሰላም ዋላችሁ ነው የሚለው» አልኩት።

ጋሼ ባርኔጣውን አንስቶ ለጉበቱ ሰላምታ መለሰለት። ሌላ ጊዜ ቢሆን በሳቅ እፈርስ ነበር፣ ያን ቀን ግን ክንዱን ይዤ ፈጥኜ አሳለፍኩት።

አሁን ስለ ኡራን ልናገር። ከሞያሌ በሎሪ ግማሽ ቀን የሚያስኬድ የአርብቶ አደር አገር ነው። እዚያ ሽማግሌው አዳኖና ባለቤታቸው እማማ ሻሮ አሉ፣ ሙስሊሞች ናቸው። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ከተማችን ውስጥ ረብሻ ተነሥቶ ቤቶች ሲቃጠሉ፣ እኔ የዘጠኝ ወር እርጉዝ ነበርኩ። ባሌ መንገድ ላይ ነበር። አዳኖ ለገበያ መጥተው ኖሮ ከፍየሎቻቸው ጋር ሎሪ ላይ አሳፍረው ወሰዱኝ። ሰሎሜን እማማ ሻሮ ጎጆ ውስጥ ወለድኩ። ደሜ አልቆም አለ፣ ጡቴ ደረቀ። ፍየል አርደው መረቅ ሲያመጡልኝ «አልበላም» አልኩ። ሦስት ቀን አልበላም አልኩ። በአራተኛው ቀን ልጄ ማልቀሷን ተወች። ያኔ ጠጣሁ። ከዚያ በኋላ ምን ብዬ ልተው? ያዳነኝን ሥጋ ርኩስ ነው ልበል?

እማማ ሻሮ የጋሼን መምጣት ሰምተው ኀሙስ ማታ ደወሉ። ወንድምሽን ሳናየው ሊሄድ ነው ወይ አሉ በኦሮምኛ። ጋሼ ደግሞ ከመጣ ጀምሮ ቀጭኔ ቀጭኔ ይላል። ተማሪዎቹ ቀጭኔ አይተህ ና ብለውታል። የፓርክ መግቢያ የምንከፍልበት አቅም የለንም፣ የኡራን መንገድ ግን ራሱ ፓርክ ነው፣ የሎሪው ባለቤት አብዱራሺድ ደግሞ የምግብ ቤቴ ደንበኛ ስለሆነ በነፃ ይጭነናል። እምቢ የምልበት ምክንያት አጣሁ። በልቤ ግን ዓርብ እንሂድ አልኩ። ዓርብ ጾም ነው፤ ቢያርዱም ጾም ነው ብለን እንድናለን። ለአብዱራሺድ ብነግረው «ዳዳ» ብሎ፣ እህቴ ማለቱ ነው፣ «ነገ ጁምዓ ነው። ሎሪ ቅዳሜ ነው የሚወጣው» አለኝ። የእኔ ጾም ሊያድነኝ ሲል የእነሱ ጸሎት አገደው። ለእማማ ሻሮ መልሼ ደውዬ «ምንም እንዳታዘጋጁ» አልኳቸው። እሺ አሉኝ። እንግዳ ምንም አታዘጋጁ ሲል የሚሰማው በየት አገር ነው?

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ዱቄትና ስኳር በተጫነበት ሎሪ ላይ ወጣን። ስንቅ ይዣለሁ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ቻፓቲ የሚሉት ቂጣ፣ ውሃ በጀሪካን። ጋሼ ጆንያው ላይ ተቀምጦ እንደ ንጉሥ ግራ ቀኙን ያያል። ሰጎን አየ፣ እንሹ አየ፣ የሜዳ አህያ አየ። «ፈረንጅ በስንት ዶላር የሚያየውን እኛ በነፃ!» እያለ ትከሻዬን ይመታል። ቀጭኔ ግን አልታየም። እኔ ሰጎኑንም አህያውንም አላየሁም፣ ዓይኔ በሚያጥረው መንገድ ላይ ነበር።

ስንደርስ ፍየሉ ከጎጆው ፊት ታስሮ ነበር።

አዳኖ ሰባን ያለፉ ሰው ናቸው። አማርኛቸውን የተማሩት ድሮ ሜጋ ከተማ ከብት ሲሸጡ ነው። የጋሼን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው «ካሪቡ፣ ካሪቡ፣ እንኳን መጣ። እታለም ልጅ የኔ ነው። አንተ ወንድም ነው፣ እንግዲህ አንተም ልጅ ነው» አሉት። ሻይ መጣ። የልጅ ልጆቻቸው አራት ናቸው፣ እንጨት እየለቀሙ እየሳቁ በፍየሉ ዙሪያ ይዞራሉ። ያለፈው ድርቅ መንጋውን ጨርሶት አሥራ አንድ ፍየል ብቻ ነው የቀራቸው። ልጆቹ ሥጋ የቀመሱት ለኢድ ነው።

እኔ በሐሳቤ ሁሉን አዘጋጅቼ ነበር። አዳኖ ያርዳሉ፣ ጋሼ በጨዋነት አልበላም ይላል፣ እኔም ከእሱ ጋር አልበላም እላለሁ፣ እማማ ሻሮ ይቀየማሉ፣ ሌላ ቀን መጥቼ እግራቸው ላይ ወድቄ እታረቃለሁ። አዳኖ ግን ቢላዋውን ከወገባቸው መዘው፣ እጀታውን ወደ ጋሼ አዞሩ።

«እናንተ ሰው፣ እኛ ያረደ አይበላም። እኔ ያውቃል» አሉ። «ሀኩና ሺዳ፣ ችግር የለም። አንተ እንግዳ ነው። ያዝ። በስመ አብ በል። አንተ እረድ።»

የጋሼ ዓይን እንባ ሞላ። ወደ እኔ ዞሮ «እቱ፣ እንዲህ ያለ ክብር አይተሽ ታውቂያለሽ?» አለኝ። ቢላዋውን ተቀበለ። የሸሚዙን እጅጌ መጠቅለል ጀመረ።

ከልጅ ልጆቹ ትንሿ፣ አሻ፣ የአያቷን ቀሚስ ጎተተች። «ኑቲስ?» አለች። እኛስ? ማለቷ ነው። እማማ ሻሮ ፊታቸውን ሳይለውጡ፣ እኛ ጠዋት በልተናል ዝም በይ አሏት በኦሮምኛ። ጋሼ አልሰማም፣ ቢሰማም አይገባውም። እኔ ሰማሁ። በስመ አብ ተብሎ የታረደውን እነዚህ ሰዎች አይቀምሱም፣ እኛ የእነሱን እንደማንቀምስ ሁሉ። ከአሥራ አንዱ አንዱን ሰጥተው፣ ሽታውን እያሸተቱ ሊቀመጡ ነው። ማንም አይነግረውም። ጋሼ ጠግቦ፣ አመስግኖ፣ እየተደሰተ አገሩ ይገባል።

ዝም ብል እድን ነበር። ይህን አልደብቃችሁም፣ ዝም ልል ነበር። ጋሼ ሁለተኛውን እጅጌ ጠቀለለ። ልጆቹ እንጨቱን መሬት ላይ አስቀምጠው ቆሙ።

«ጋሼ» አልኩ። «ቢላዋውን መልስላቸው።»

«ምን?»

«አንተ ካረድከው እነሱ አይበሉም። ልጆቹ አይበሉም።»

ጋሼ ልጆቹን አየ፣ ቢላዋውንም አየ። ፊቱ ቀላ። «እግዚኦ! እኔ መች አወቅሁ? እንግዲያስ ፍየሉ ይትረፍ፤ እኛ ስንቅ ይዘናል» አለ። ለአዳኖ ተረጎምኩላቸው። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። ለእንግዳ ተብሎ ከመንጋ የተለየ ፍየል ወደ መንጋ አይመለስም አሉኝ። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ በአማርኛ «ቤት የኔ ለሱ አይሆንም?» ብለው ጠየቁኝ።

እማማ ሻሮ ዓይኔን እያዩ ነበር። እኔ የአክስቴን ጀርባ አየሁ፣ ከአጥሩ በር ስትወጣ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ መሆኑን እያወቅሁ ተናገርኩ።

«አባቴ፣ እርስዎ ይረዱ። የእንግዳውን ድርሻ እኔ እበላዋለሁ።»

ጋሼ በትክክል የሰማ አልመሰለውም። «ማን ነው የሚበላው?»

«እኔ።»

«አንቺ የእነሱን ሥጋ በልተሽ ታውቂያለሽ?»

«እበላለሁ፣ ጋሼ። አሥራ ሁለት ዓመት ሆነኝ።»

አየኝ። ስህተት የሠራ ተማሪን የሚያይበት ዓይን ቢሆን በተቀበልኩት፤ ያየኝ እንደማያውቀው ሰው ነው። ከዚያ ቢላዋውን በሁለት እጁ ይዞ ለአዳኖ መለሰ፣ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ፣ እጅጌውን ፈታ፣ ወጥቶ ከግራሩ ሥር ብቻውን ተቀመጠ።

ፍየሉ ታረደ። ልጆቹ በሉ። እማማ ሻሮ የእንግዳውን ድርሻ ሳህን ሙሉ አምጥተው ፊቴ አስቀመጡና ተቀመጡ። ጋሼ ከግራሩ ሥር ያየኛል። በላሁ። ጣዕሙን ብትጠይቁኝ አላውቀውም። አዳኖ በትራቸውን ይዘው ወደ ጋሼ ሄዱ፣ አጠገቡ ተቀምጠው ብዙ አወሩ። ምን እንዳሉት አልሰማሁም። ጋሼ ስንቅ ቋጠሮውን ሳይፈታ አንገቱን ደፍቶ ነበር የሚያዳምጠው።

ወደ ማታ ሎሪው ፍየል ጭኖ ተመለሰ፣ ወጣን። ጋሼ ከእኔ ራቅ ብሎ ብረቱን ይዞ ተቀመጠ። አንድ ሰዓት ያህል ተጓዝን። ነገ ጠዋት ድንበሩን ሲሻገር ዞር ብሎ አያየኝም እያልኩ አስብ ነበር። ስልኬን አያነሳም። ሰሎሜ አጎት የላትም። ስሞት ማን ይመጣል? እስከዚህ ድረስ ነው የፈራሁት፣ ለገዛ ቀብሬ ድረስ።

አቧራው ጉሮሮውን ያዘውና ያስለው ጀመር። ጀሪካኑን ከፍቼ በላስቲክ ኩባያ ውሃ ቀዳሁ። እናታችን መጠጥ ለሰው ሲሰጥ ቀምሶ ነው እያለች አሳድጋናለች፤ በምግብ ቤቴም እጄ የለመደው ይህንኑ ነው። ሳላስበው ጎንጨት አልኩ። ከዚያ እጄ አየር ላይ ቀረ። ከፍየሉ የተረፈ ስብ ከንፈሬ ላይ ነበር። ኩባያው አንድ ነው፣ ሌላ አልያዝኩም። ላስቲክ ስለሆነ አይሰበርም፤ ግን ከሎሪ ላይ ይጣላል።

ጋሼ ኩባያውን ከእጄ ወሰደ። አልጠጣም። ይዞት ውስጡን ያያል።

«አባባ ጣለው ነው ያለኝ» አለ።

«ምኑን?»

«የአክስታችንን ብርጭቆ። ጣለው አለኝ እንጂ ስበረው አላለኝም። ገና በሩ ላይ ናት፣ ትስማ ብዬ የሰበርኩት እኔ ነኝ።» ሳለ፤ ሳሉ ሲያበቃ ቀጠለ። «ሰምታለች። ስትሞት ለቅሶዋ አልሄድኩም። በምን ፊቴ?»

አለቅስ ነበር።

«ሦስት ቀን አልበላም ብለሽ ነበር አሉኝ ሽማግሌው። ልጅቷ ማልቀስ እስክታቆም።»

«አዎ።»

«እኔን ፈርተሽ ነው?»

«አንተን ፈርቼ ነው።»

በዚህን ጊዜ ከሎሪው ፊት ያሉት ሰዎች «ትዊጋ! ትዊጋ!» እያሉ ጮኹ። ቀጭኔ ማለት ነው። ሁሉም ተነሥቶ ወደ ግራ ዞረ፣ ሎሪው ራሱ የዘመመ መሰለኝ። ጋሼ ቀና አላለም።

«እቱ፣ እኔ ያን ሥጋ አልበላም» አለኝ። «አልዋሽሽም። እስክሞትም አልበላ ይሆናል።» ከዚያ ከንፈሬ የነካውን ጠርዝ ሳይጠርግ፣ ኩባያውን ሳያዞር፣ ውሃውን እስከ መጨረሻው ጠጣው። ባዶውን ወደ እኔ ዘረጋ።

«ድገሚኝ።»

ቀዳሁለት። ሎሪው ሲንገጫገጭ ግማሹ ቀሚሴ ላይ ፈሰሰ። ሳልቀምስ ልሰጠው ዘረጋሁ፣ አልተቀበለኝም።

«ቀምሰሽ ስጪኝ እንጂ» አለ።